እንቁላል የሌለበት አስኳል

ይህን የምጽፈው ስላሸነፍኩ ነው። ሰው የተሸነፈበትን ሲጽፍ ትሑት ይባላል፤ ለእኔ ግን ትሕትና አልተሰጠኝም፣ የተሰጠኝ እልህ ነው። በደርግ ዘመን፣ ናዝሬት ከተማ፣ በአንድ ሁዳዴ ጾም ከአክስቴ፣ ከንስሐ አባቷና ማር ከመሰለ አንድ በርሜል ሙጫ ጋር ገጥሜ ሦስቱንም ረታሁ። ጠቡን የጀመርኩት ራሴ መሆኔን ግን መደበቅ አልችልም፤ ሰፈሩ ያውቃል።

አክስቴ ያሳደገችኝ ሴት ናት። በወጣትነቷ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረ የአንድ ጣሊያን ሆቴል ወጥ ቤት ሠርታለች። እኔን ስታሳድግ ደግሞ ለሰርግና ለተዝካር እየተጠራች ትሠራ ነበር፤ እጇ የተመሰከረለት ነው። ጥርሶቿ አንድ በአንድ ሲለቁ ማብሰሉን አልተወችም፣ መብላቱን ነው የተወችው። በጾም ወራት አንድ ደስታ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ሻይ ውስጥ ተነክሮ የራሰ ብስኩት።

ብስኩቱን የማመጣላት እኔ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ በከተማው ባለ አንድ የመንግሥት ብስኩት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የማይገባበት ተራ ብስኩት ነበረን። ፋብሪካው ስም ቢሰጠውም ሕዝቡ የሚያውቀው «የጾም ብስኩት» ብሎ ነው። አክስቴ ሦስት ሁዳዴ ሙሉ እሱን በልታለች፤ በእኔ ቃል ተማምና።

ሊጡ ውስጥ ከዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት ሌላ አንድ ነገር ይገባል። ከውጭ አገር በበርሜል የሚመጣ፣ ቡናማ፣ ማንኪያ ሲያነሱት እንደ ማር የሚጎተት ነገር ነው። በአንድ ትልቅ ማደባለቂያ ሊጥ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው፤ እሱ የቀረ ዕለት ግን ዘይቱ ከሊጡ ይለይና ብስኩቱ እላዩ ወዝቶ ውስጡ ይደርቃል። ሠራተኛው «ሙጫው» ይለዋል። የክፍላችን ኃላፊ ደግሞ «ኢሙልሲፋየር» ይላል፤ ምን ማለት እንደሆነ ስንጠይቀው መልሱ «ሥራሽን ሥሪ» ነው። በርሜሉ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው ቃል «ሌሲቲን» ነበር።

እኔ ሳይገባኝ ማደር አልወድም። በዚያ ሁዳዴ በአራተኛው ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሆኖ ትርጉሙ የእንቁላል አስኳል ነው ይላል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ኃላፊው ያላወቀውን አወቅኩ ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት በእግሬ እየበረርኩ እቤት ገባሁ።

አክስቴ ብስኩቷን ሻይዋ ውስጥ ነክራ እስኪርስ ትጠብቃለች።

«እቴቴ፣ ያ ሙጫ ምን እንደሆነ ዛሬ ደረስኩበት» አልኳት። «የእንቁላል አስኳል ነው። ዘይትና ውሃ የሚያስታርቀው እሱ ነው።»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የተናገርኩት ነገር ለራሴ የተሰማኝ። አክስቴ ብስኩቷን አላወጣችውም። ሻይው ውስጥ ተበታትኖ ሲወርድ ቁልቁል አየችው።

«የት አባቱ፣ ላውቀው ይገባ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጣሊያኑ ቤት ማዮኔዝ የምመታው እኔ አልነበርኩም? ዘይቱን ጠብ ጠብ እያደረግሁ፣ አስኳሉ እየያዘው። አስኳል ባይኖር ዘይት ከውሃ ጋር መች ይገጥማል። ሦስት ጾም ፈታሁ በይኛ።»

መዝገበ ቃላት ብቻ ቢሆን አታምነኝም ነበር፤ የጎዳት የገዛ ሙያዋ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ «እንቁላል በልቻለሁ» ብላ ተናገረች። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ሳታውቂ የበላሽው ነውና ብለው እስከ ሆሳዕና በየቀኑ አሥራ ሁለት ስግደት አዘዟት። እሷ አርባ አደረገችው። ለምን ብላት «አሥራ ሁለቱ የሳቸው ነው፣ ሌላው የኔ» አለችኝ።

ጉልበቷ የታመመ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ስግደት ስለሌለ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማለዳ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ስትወድቅና ስትነሳ እሰማለሁ። ስትነሳ ጉልበቷ ይንቋቋል። አልጋዬ ላይ ሆኜ እቆጥራለሁ፤ ሃያ ላይ ስትደርስ ታርፋለች፣ ሠላሳ ላይ ግድግዳውን ትደገፋለች። እያንዳንዱ ድምፅ እኔን ነበር የሚያመኝ። ጥፋቴ ስላሰቃየኝ ብቻ አይደለም፤ ተናደድኩ። በጥቂት ማንኪያ ሙጫ ምክንያት አክስቴ እንዲህ ልትሆን?

ወሬውም አልተኛም። ጎረቤት ለጎረቤት ሲቀባበለው የቀበሌው የኅብረት ሱቅ ብስኩቱ ተቆልሎበት ቀረ። ማሸጊያ ክፍል ያለች አንዲት እስላም የሥራ ጓደኛዬ ደግሞ ጥግ ይዛኝ፣ «የአሳማ ስብ ነው የሚሉትስ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አላውቅም ማለት ለእኔ ጥርስ ከመነቀል አይሻልም።

መጋዘን ገብቼ በርሜሉን ዞርኩት። ከቃሉ በፊት ባለው ቦታ ላይ የንብረት ክፍሉ ሰው ቁጥር የጻፈበትን ወረቀት ለጥፎበታል። በዚያ ዘመን ቁጥር ያልተለጠፈበት ንብረት አልነበረም፤ እኔ የምቀመጥበት ወንበርም ቁጥር ነበረው። ወረቀቱን በእርጥብ ጨርቅ አርሼ በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ አራት የላቲን ፊደል ወጣ፤ ከሌሲቲን በፊት ተጣብቆ «ሶጃ» የሚል። የፋብሪካ ስም መስሎኝ ኃላፊውን ጠራሁት።

ኃላፊው ምሥራቅ ጀርመን የተማረ ነው። «ሶያ ነው የሚነበበው» አለኝ እየሳቀ። «በነሱ ቋንቋ አኩሪ አተር ማለት ነው። ከአኩሪ አተር ዘይት የሚወጣ ነው።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ። ጠይቀን ነበር፤ ግን ከኃላፊ ጋር መከራከር ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቅ ስለነበር ዋጥኩት።

በዚህኛውም ቀን ወደ ቤት በረርኩ። ወረቀት ላይ ገልብጬ ያመጣሁትን ለአክስቴ አነበብኩላት። ሽንኩርት ከመክተፍ ቀና አላለችም።

«ወረቀት የሚለውን ሁሉ ብናምን ኖሮ እስከ ዛሬ ጠግበን ነበር» አለች። «ባለፈው ሳምንት እንቁላል ነው ያልሽው ከመጽሐፍ አይደለም? ዛሬ ደግሞ አተር ነው የምትይው ከበርሜል። ዓይኔ ያላየውን አልቀበልም። እንዲያ የሚባል እህልም አላውቅ።»

ልክ ነበረች፣ ይህ ነው ያናደደኝ። «አሳይሻለሁ» አልኳት።

አዳሚ ቱሉ አቅራቢያ ባለ የመንግሥት እርሻ የምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበረችኝ፤ አኩሪ አተር ለሙከራ እንደዘሩ በደብዳቤ ነግራኛለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈቃድ ጠይቄ በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ በኩል በአውቶቡስ ወረድኩ። ጓደኛዬ አለቃዋን ለምና ከመኸሩ የተረፈውን ሃያ ኪሎ ያህል በከረጢት አስያዘችኝ። ፍሬው ክብ፣ ለስላሳና ቢጫ ነው። አክስቴ የምትሰግደው በዚህች ፍሬ ምክንያት ነው አልኩ ለራሴ።

ስመለስ ሞጆ ኬላ ላይ አውቶቡሱን አስቆሙት። ያኔ እህል ከወረዳ ወረዳ ያለ ፈቃድ አይዘዋወርም፤ ኬላ ጠባቂው ከረጢቴን ከፍቶ እጁን ሰደደበት።

«ምንድን ነው?»

«አኩሪ አተር።»

«አተር ክልክል ነው። ውረጂ።»

«አተር አይደለም፣ አኩሪ አተር ነው።»

«ታዲያ አተር ካልሆነ አተር ለምን ትይዋለሽ?»

«ስሙ ነው እንጂ እሱ አይደለም» አልኩት። «እስቲ ዝርዝርህን እይ፤ አኩሪ የሚል አለበት?»

ዝርዝሩን በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደበት። ጤፍ አለ፣ ስንዴ አለ፣ በቆሎ አለ፣ አተርም አለ፤ አኩሪ የለም። አንዴ ከረጢቱን፣ አንዴ እኔን አየና «ሂጂ፣ ነዝናዛ» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን ናዝሬት እስክገባ ድረስ የገዛ አፌን መልስ እያመነዠክሁ መጣሁ። ስሙ ነው እንጂ እሱ አይደለም። መዝገበ ቃላቱ ያታለለኝም እንዲሁ ነበር።

ከእህል ገበያው ጀርባ ኑግና ተልባ የሚጨምቁ አንድ ሽማግሌ የኦሮሞ ሰው ነበሩ፤ መጭመቂያ መኪናቸው አሮጌ ቢሆንም ዘይታቸው የታወቀ ነው። ሰኞ ከሥራ ስወጣ ከረጢቴን ተሸክሜ ሄድኩ።

«አካም ጂርቱ፣ አባባ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«ፋያ፣ ኢንታላ ኮ። ኩን ማሊ?» አሉ ከረጢቱን እያዩ፤ ደህና ነኝ ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው። አንድ ፍሬ አፋቸው ውስጥ ጥለው ሰበሩ። «ስስታም እህል ነው፣ ዘይት አይሰጥም» አሉ፤ ቢሆንም እምቢ አላሉኝም።

እውነትም ስስታም ነበር። ያ ሁሉ ከረጢት ተጨምቆ ከሁለት ሊትር የማይበልጥ ዘይት ሰጠ። ዘይቱ ድፍርስና ጥሬ ባቄላ የሚሸት ነበር። ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ከመጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን አንስቼ ዘይቱ ላይ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጠብ ላደርግ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«አብደሻል? ዘይት ውሃ ከነካው አተላ ይጥላል። እኔ ዕድሜ ልኬን በርሜሌን ከውሃ ስጠብቅ ኖሬ አንቺ እጄ ላይ ልታበላሺው?»

«እኔ የምፈልገው አተላውን ነው፣ አባባ።»

ክንዴን ለቀቁ። አርባ ዓመት የደፉት ነገር መሆኑን አውቀው ነው መሰል፣ ፊታቸው ላይ ከሳቅና ከሐዘን መሐል ያለ ነገር አየሁ። ውሃውን ጨምሬ አማሰልኩ። ዘይቱ መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ ክር ክር እያለ ታች ተጠራቀመ። ጥርት ያለውን ዘይት በቀስታ ገልብጠን ስናበቃ ከጣሳው ሥር ቡናማ፣ ተጎታች፣ ማር የመሰለ ነገር ቀረ፤ ሁለት ማንኪያ ቢሞላ ነው። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። የበርሜላችን ሙጫ ነበር። ያ ከባሕር ማዶ ቁጥር ተለጥፎበት የሚመጣው ነገር፣ ከእህል ገበያ ጀርባ፣ እኚህ ሽማግሌ ለአህያ እንኳ የማይሰጡት አተላ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ገብቶኛል፤ እንዲያ በጣቴ ጫፍ የገባኝ ግን የለም።

ጥርት ያለውን ዘይት እዚያው ተውኩላቸው፤ አተላውን በብርጭቆ ይዤ ወጣሁ። ሽማግሌው ከኋላዬ፣ «አተላ ወስዳ ዘይት የምትተው ሰው ዛሬ አየሁ» ሲሉ ሰማሁ።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ለመጡት ለንስሐ አባቷ ሻይ ተፈልቷል። አክስቴ ከስግደቱ ብዛት ስትቀመጥ እንኳ አልጋ ተደግፋ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ባዶ ጠርሙሶች አቆምኩ፤ ሁለቱም ውስጥ ግማሽ ውሃና ጥቂት የኑግ ዘይት ጨመርኩ።

«አባ፣ አንዱን ልነቅንቀው ነው። እርስዎ አባታችን ሆይ ይበሉልኝ» አልኳቸው። ቤታችን ሰዓት አልነበረውም፤ ደግሞም በጸሎት የተለካ ነገር አክስቴ አትክድም።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ በደንብ ነቀነቅሁትና አስቀመጥኩት። እሳቸው ጀመሩ። «እንጀራችንን» ላይ ሲደርሱ ዘይቱ ከላይ ተሰብስቧል፤ «አሜን» ሲሉ ውሃው ከሥር ጥርት ብሏል። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ይህን ታውቀዋለች።

ሁለተኛው ውስጥ ከአተላው አንድ ማንኪያ አሟሟሁበት። ከአኩሪ አተር በዓይኔ ፊት የወጣ መሆኑን፣ ጨማቂውን ሽማግሌ ሄዳ ልትጠይቃቸው እንደምትችል ነገርኳት። ነቀነቅሁት። ወተት መሰለ። አባ አባታችን ሆይን ጨረሱ፣ እመቤቴ ማርያም ሆይን ቀጠሉ፣ እሱንም ጨረሱ። ጠርሙሱ አሁንም ነጭ ነው። አንዲት የዘይት ነጥብ ብትወጣ ልቤ ይቆም ነበር፤ አልወጣችም።

«ይኸው ነገር በእንቁላል አስኳልም አለ፣ በአኩሪ አተርም አለ» አልኩ። «ሰዎች መጀመሪያ ያገኙት አስኳል ውስጥ ስለሆነ ስሙን በአስኳል ጠሩት። ሥራው ሽምግልና ነው፤ በአንድ እጁ ዘይቱን፣ በሌላው ውሃውን ይይዛል። ከየትም ይምጣ ሥራው ያው ነው። የኛው ግን የመጣው ከእህል ነው።»

አክስቴ ጠርሙሱን አንስታ ወደ መስኮቱ አደረገችው። እያዘነበለች አየችው።

«ስናፍጭስ?» አለች በመጨረሻ።

«ምን ሆነ ስናፍጭ?»

«በጾም ስናፍጭ ወቅጬ ዘይት ስመታበት ይይዘው የለም? ጣሊያኑ ቤት ሳለሁ በዓቢይ ጾም ለራሴ ያለ እንቁላል ማዮኔዝ እሠራ ነበር፤ በስናፍጭ። ጣሊያኑ ይስቅብኝ ነበር።» ጠርሙሱን አስቀመጠች። «ስናፍጭ ዘይት ያዘ ብዬ እንቁላል አለበት አላልኩም። ይህን እንዴት ረሳሁት?»

እኔ አዳሚ ቱሉ ድረስ የሄድኩለትን ነገር እሷ ከወጥ ቤቷ ሳትወጣ አገኘችው። ቅር ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያስረዳኋት እኔ፣ የረታችው ራሷ።

አባ ጢማቸውን ያሻሉ። «ከተማችን ናዝሬት ትባላለች» አሉ። «ጌታ ግን እዚህ አላደገም። ስም እንዲህ ነው ልጄ፤ ይዋሳል። አንቺ የበላሽው የእህል ነው፣ ጾምሽ ጾም ነው። የሦስቱም ዓመት።»

አክስቴ ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች። ስትመለስ ሳጥኗን ከፍታ ያን የተጠላ ፓኮ ብስኩት አወጣች፤ ለካ አልጣለችውም። አንዱን ሻይዋ ውስጥ ነከረችና እስኪርስ ጠበቀች። ቀስ ብላ አነሳችው፣ ጎረሰችው፣ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ያለቀስኩት ያኔ ነው፤ አልደብቅም።

ከዋጠች በኋላ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አባ፣ የሰገድኩትስ? ይህን ያህል ሳምንት አርባ አርባ። ላልሠራሁት ኃጢአት ከሆነ ለምን ይቆጠርልኛል?»

«ስግደት መሬት ላይ አይቀርም» አሉ እየሳቁ። «ለፈለግሽው ስጪው።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። ያን የወጥ ቤት ዓይኗን፣ ጨው የጎደለውን ወጥ የምታውቅበትን፣ ጣለችብኝ።

«ለዚች ምላስ ይሁን» አለች።

ሰኞ የሰሙነ ሕማማት መጀመሪያ ነበር። በዚያ ሳምንት ሁሉም ይሰግዳል፤ ማንም አላዘዘኝም፣ በገዛ ፈቃዴ ከጎኗ ቆምኩ። እኔ ገና አሥር ሳልደርስ ደክሞኝ ግድግዳ ስደገፍ እሷ ወድቃ ተነሳች። ጉልበቷ ተንቋቋ። አየችኝና ፈገግ አለች፤ ያን ድምፅ ስሰማ ሳያመኝ የቀረው ያን ዕለት ማለዳ ነው።